ግልገሎችህን የሚገድላቸው አውራው አይደለም

ወንድሜ፣ «በጎቼ የሚወልዷቸው ግልገሎች ኮሳሳ ናቸው፣ በሁለት በሦስት ቀን ይሞታሉ፤ አውራውን ልቀይር ወይ?» ላልከው፦ አትቀይር። ብርህን ያዝ። እኔ እዚሁ አዳማ ያንኑ አስቤ አውራዬን ሸጬ ሌላ የገዛሁ ሞኝ ነኝ።

1. ቀን ቁጠር። በግ አምስት ወር ነው የምታረግዘው። ፅንሱ ግን አብዛኛውን ክብደቱን የሚጨምረው በመጨረሻው ወር ተኩል ነው። ጥቅምት ላይ በአውራ የተጠቃች መጋቢት ትወልዳለች። ማለትም ደህና መኖ የሚያስፈልጋት የካቲት ላይ ነው፤ ሜዳው አቧራ ብቻ ሲሆን።

2. ፉርሽካና ፋጉሎውን (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን የቅባት እህል ጭማቂ ተረፍ) ለእናቶቹ ስጥ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ለፋሲካ የማደልባቸው አራት ሙክቶች ነበሩኝ፤ ጥሩ ጥሩው ሁሉ ለእነሱ። እናቶቹ በጤፍ ገለባ ከረሙ። ሆዳቸውን አይቼ «ጠግበዋል» እል ነበር። ለካ ሆዱን የሞላው ፅንሱ ነው! ማህፀኑ ሲያድግ ለገለባ ቦታ አይተርፍም፤ በትንሹ ብዙ ጉልበት የሚሰጥ መኖ ነው የሚያስፈልጋት። ከሰባት እናቶች ዘጠኝ ግልገል ተወለደ፣ ስድስቱ ሞቱ። አንዱን በእጅ ሚዛን ሰቀልኩት፤ ኪሎ ተኩል አልሞላም። የእናቶቹ ጡት ደግሞ ባዶ። የበግ ግልገል በሽታ መከላከያውን የሚያገኘው ከእንገር ነው፣ በማህፀን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካልጠባ አለቀለት።

አንድ የእንስሳት ጤና ቢሮ ሮጥኩ። ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። ለሞተ ግልገል ደብዳቤ! ይዤ ስመለስ ሻይ ወጥቷል። መልሱን የነገሩኝ መኖ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ የበጎችህን ወገብ ዳብሰህ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር።

3. እሱን ነው እንግዲህ፣ ዳብስ። አጥንቱ እንደ መጋዝ ከቆረቆረህ ርቧታል። ጨርሶ ካልተሰማህ ደግሞ ከልክ በላይ ወፍራለች። እሷም መንታ ካረገዘች መጨረሻው ላይ መብል ትታ ልትወድቅ ትችላለች።

በዓመቱ ከድርቆሹ ሌላ ለእያንዳንዷ በቀን እስከ 300 ግራም ሰጠሁ፤ ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ ፋጉሎ። ከትንሽ ጀምሬ ነው ያሳደግኩት፣ በአንዴ ካበዛህ ሆዳቸው ይበላሻል። ጨው አልተለያቸውም። ከስምንት እናቶች አስር ግልገል! አንድ ብቻ ሞተ፣ እሱንም የገደለው ውሻ ነው። ትልቁ 3 ኪሎ ከ200 ነበር፤ ፎቶውን ያላሳየሁት ጎረቤት የለም።

ከመጀመሪያው ዓመት የተረፉት ሦስቱ ግን የቱንም ያህል ባበላቸው አልደረሱባቸውም። የጡንቻቸው ክር ቁጥር የሚወሰነው ገና በማህፀን ነው፣ በኋላ ፉርሽካ አይጨምረውም።

የሸጥኩት አውራ አሁን ከእኛ ሁለት ግቢ አልፎ ነው ያለው። ግልገሎቹ ሲያምሩ አይጣል ነው። ሰውየው ስንት እንደገዛው ባየኝ ቁጥር ያስታውሰኛል።