ችቦና ጥቁር ካባ፦ የ1860 ወጣቶች እንዴት ይታሰቡ?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ በአሜሪካ ባርነትን ተቃውሞ ስለተነሣው «ዋይድ አዌክስ» (የነቁት) ስለተባለው የወጣቶች ንቅናቄ አንብበው፣ ካባ ለብሰን ችቦ ይዘን እናስባቸው ብለውኛል። ዝግጅቱ የአልባሳት ትርኢት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ምን ልንገራቸው? ባሮቹን ነፃ ያወጧቸው እነርሱ ናቸው ማለትስ ይቻላል?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ታሪኩ የሚጀምረው ከካባው ስለሆነ እርስዎም ከዚያው ይጀምሩላቸው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1860፣ ከኬንታኪ ባለባሪያ ቤተሰብ ተወልዶ የባርነት ተቃዋሚ የሆነው ካሲየስ ክሌይ በኮነቲከቷ ሃርትፎርድ ከተማ ንግግር ሊያደርግ ሲመጣ፣ በጨርቃ ጨርቅ መደብር ተቀጥረው የሚሠሩ ጥቂት ወጣቶች በችቦ ሊያጅቡት ወጡ። ችቦው በዘንግ ጫፍ ላይ የተሰካ የዘይት መብራት በመሆኑ በተራመዱ ቁጥር ዘይቱ ትከሻቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበርና፣ ልብሳቸው እንዳይበላሽ ከሚያብረቀርቅ ጥቁር ጨርቅ አጭር ካባ ሰፍተው ደረቡ። ካባው የተመልካቹን ዓይን ስለሳበ በሳምንቱ ማኅበር መሠረቱ፤ ማርች 5 ቀን ሃርትፎርድ የመጣውን አብርሃም ሊንከንንም አጀቡት። በጥቂት ወራት ውስጥ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በየከተማው ተመሳሳይ ማኅበር ተቋቋመ፤ የተከፈተ ዓይንም ምልክታቸው ሆነ።

አጀባው ለድምቀት ብቻ የተደረገ አልነበረም። በ1856 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሉ ቻርልስ ሰምነር ባርነትን አውግዞ በመናገሩ እዚያው አዳራሹ ውስጥ በከዘራ ተደብድቦ ነበር፤ ባርነትን የሚነቅፉ ሌሎች ተናጋሪዎችም ከሁከተኞች ጥቃት አያመልጡም ነበር። እኔ ከሁሉ በላይ መታሰብ ያለበት ይህ ይመስለኛል፦ ብዙዎቹ ድምፅ ለመስጠት የሚያስፈልገውን 21 ዓመት እንኳ ያልሞሉ ወጣቶች፣ ባርነትን የሚያወግዝ ቃል በአደባባይ እንዲሰማ ዘብ ቆመዋል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ነፃ አወጧቸው ማለት አይቻልም። የደገፉት የሪፐብሊካን ፓርቲ ባርነት ወደ አዳዲሶቹ ግዛቶች እንዳይስፋፋ ቢታገልም፣ ቀድሞ በነበረባቸው ክፍላተ ሀገር ጣልቃ እንደማይገባ በይፋ አስታውቆ ነበር። በዚያ ዓመት በባርነት የተያዘው ሕዝብ ወደ 4 ሚሊዮን ይጠጋል። የፓርቲው እጩ ሊንከን ኖቬምበር 6 ፕሬዚዳንት ሆኖ ከተመረጠ በኋላ የደቡብ ክፍላተ ሀገር ተገነጠሉ፤ ጦርነት ሆነ፤ ባሮቹ ራሳቸው ከጌቶቻቸው እያመለጡ ወደ ሰሜኑ ጦር ተቀላቀሉ፤ 180 ሺህ ያህል ጥቁር ወታደሮችም ተዋጉ። በሕገ መንግሥቱ 13ኛ ማሻሻያ ባርነት በመላ አገሪቱ የተሻረው በዲሴምበር 1865 ነው።

በሌላ በኩል የቦስተን ጥቁሮች የራሳቸውን የዋይድ አዌክስ ቡድን አቋቁመው በ1860 መጸው ካባ ለብሰው ተሰልፈዋል። በመታሰቢያዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት እነርሱ ናቸውና በዝግጅትዎ ከፊት ይሁኑ። የኒው ዮርኩ ታላቅ የችቦ ሰልፍ ኦክቶበር 3 ቀን 1860 የተደረገ ሲሆን፣ አርቲስቶች በ160ኛ ዓመቱ በ2020 በዚያችው ከተማ ካባ ለብሰው አስበውታል፤ ቀን ለመምረጥ ይህ ይረዳዎታል። ካባውን ግን ከመግዛት ይልቅ ተማሪዎቹ ራሳቸው ከርካሽ ጨርቅ ይስፉት፤ እየሰፉም አንዱ ስለዚያ ዘይት ለጓደኞቹ ያስረዳ።