ማሟሟቱማ ቀላል ነው፦ ከኤሌክትሮኒክ ውዳቂ ስለሚወጡ ብርቅዬ ማዕድናት

ስለ አሮጌ ኮምፒውተርና ስልክ ውዳቂ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

የስልክና የኮምፒውተር ቦርድ አሲድ ውስጥ ቢከተት ኒዮዲሚየም (ጠንካራ ማግኔት የሚሠራበት ብርቅዬ ማዕድን) ይገኛል?

ቦርዱ ላይ አትድከሙ። እዚያ ያለው ሀብት በዋናነት መዳብ ነው፤ ጥቂት ወርቅና ብርም አለ። ኒዮዲሚየምን የምታገኙት ማግኔት ውስጥ ነው። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ፈታችሁ ታውቃላችሁ? ጥግ ላይ፣ ዲስኩን የሚያነበው ክንድ ሥር፣ ቆልመም ያለ የሚያብረቀርቅ ቁራጭ አለ። ካቻቪቴውን ለቀም አድርጎ ይይዘዋል፣ ለማላቀቅ ትግል ነው። ከክብደቱ 30 በመቶ ገደማው ኒዮዲሚየምና ዘመዶቹ ናቸው። የቀረው በአብዛኛው ብረት ነው። ስልክ ውስጥም ይኸው ማግኔት አለ፤ ግን ሚጢጢ ነው።

ታዲያ ማግኔቱን አሲድ ውስጥ መጨመር ብቻ አይበቃም?

ማሟሟቱማ ቀላል ነው። ሃይድሮክሎሪክም ሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ማግኔቱን ይበላዋል። ችግሩ ሳይመርጥ መብላቱ ነው። ብረቱ አብሮ ይሟሟል፤ አብዛኛው አሲድም ለማትፈልጉት ብረት ያልቃል።

ስለዚህ ዋናው ብልሃት ያለው ከአሲዱ በፊት ነው። መጀመሪያ ማግኔቱን አሙቀው ኃይሉን ያጠፉታል። ይፈጩታል። ቀጥሎ አየር ባለበት ምድጃ ይጠብሱታል። ያኔ ብረቱ ዝገት መሰል ኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ኦክሳይድ ለቀጭን አሲድ በቀላሉ እጅ አይሰጥም፤ ኒዮዲሚየሙ ግን ይሰጣል። ብረቱን አስቀድሞ ማዛግ! በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው።

የተጣራው ፈሳሽ ላይ ኦክሳሊክ አሲድ ሲጨመር ይደፈርሳል፤ ሐመር ሐምራዊ ዱቄት ቀስ እያለ ታች ይዘቅጣል። ዱቄቱ በከፍተኛ ሙቀት ሲቃጠል ኦክሳይድ ይሆናል። ወደ ንጹሕ ኒዮዲሚየም ለመመለስ ደግሞ በቀለጠ ጨው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል።

ብርቅዬዎቹን እርስ በርስ መለየት ለምን ያስቸግራል?

ጠባያቸው አንድ ስለሆነ ነው። የአቶሞቻቸው መጠን እንኳን ሊመሳሰል ምንም አይቀረው። ኬሚስቶች ዲዲሚየም የሚሉትን ለዓመታት አንድ ንጥረ ነገር አድርገው ቆጥረውታል። በ1885 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባክ ለሁለት ከፈለው፦ ኒዮዲሚየምና ፕራሲዮዲሚየም። ዛሬ ፋብሪካዎች ፈሳሹን ዘይት መሰል ኬሚካል ከያዘ ፈሳሽ ጋር ደጋግመው በማደባለቅ ይለያሉ። አንድ ዙር አይበቃም፤ ብዙ ደረጃ ያልፋል።

ቤቴ ልሞክረው?

እባካችሁ፣ በጭራሽ! ብረት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ሃይድሮጅን ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። የማግኔት ዱቄት አየር ላይ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ናይትሪክ አሲድ መዳብ ላይ ሲፈስ ሳንባ የሚያቃጥል ቡናማ ጋዝ ይወጣል። የቀረውን ፈሳሽስ የት ትደፉታላችሁ? ፍሎረሰንት አምፖልንም አትስበሩ። በውስጡ ባለው ዱቄት ኢትሪየምና ዩሮፒየም የሚባሉ ብርቅዬ ማዕድናት አሉ፣ እውነት ነው፤ ግን ሜርኩሪም አብሮ አለ።

ስንቱ ይሰበሰባል?

በ2022 እ.ኤ.አ. ዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክ ውዳቂ ተፈጥሯል። በአግባቡ ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ከብርቅዬ ማዕድናት ፍላጎት በዚህ መንገድ የሚሸፈነው ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ነው። ያሳዝነኛል። ማግኔቱ ከሌላው ብረት ጋር ተከትክቶ ማቅለጫ ከገባ፣ ኒዮዲሚየሙ ከዝቃጩ ጋር ይጣላል።

ያለ አሲድስ አይሆንም?

ማግኔቱ ንጹሕና ያልተደባለቀ ከሆነ ይሆናል። ሃይድሮጅን ጋዝ ውስጥ ሲቀመጥ ጋዙን ይመጥጣል፣ ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል፣ በመጨረሻም ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ዱቄቱ ተጣርቶ እንደገና ማግኔት ይሠራበታል።