ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር፦ ጉዞ የሚበላሽባት የመጨረሻዋ አንድ ሰዓት

ከዋሽንግተንም ሆነ ከፍራንክፈርት ተነሥታችሁ ባሕር ዳር ለምትገቡ ወገኖች፣ ረጅሙ በረራ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ተቀምጦ ማለፍ ነው። ጉዞው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አዲስ አበባ ከተደረሰ በኋላ፣ የአንድ ሰዓት በረራ ብቻ ሲቀር ነው። ስለዚህ ዝግጅቱን ከዚያ ጀምሩ።

ቲኬቱ እስከ ባሕር ዳር ድረስ አንድ ይሁን። ለየብቻ ከተቆረጠ፣ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ሌላ ወንበር የመፈለጉ ጣጣ የራሳችሁ ነው። ሻንጣውም በአገር ውስጥ በረራ ልክ ይመዘናል፤ እሱ ደግሞ ከዓለም አቀፉ ያንሳል። ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ሁለት ይዞ የመጣ ሰው ቦሌ ላይ ለትርፍ ኪሎ የሚከፍለው በዚህ ምክንያት ነው። ለየብቻ መቁረጥ ግድ ከሆነና ረጅሙ ጉዞ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ፣ የዚያን ቲኬት ቁጥር ይዛችሁ የአገር ውስጡን ቅናሽ ጠይቁ።

በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ አራት ሰዓት ይኑር፤ ሽማግሌ ወይም ሕፃን ካለ አምስት። ብዙ ይመስላል፣ ግን ቁጠሩት፦ የኢሚግሬሽን ሰልፍ፣ ሻንጣ ጥበቃ፣ ጉምሩክ፣ ጋሪ እየገፉ ከተርሚናል 2 ወደ ተርሚናል 1፣ ከዚያ ጫማና ቀበቶ አውልቆ እንደገና ፍተሻ። የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ያላችሁ ከፓስፖርቱ ጋር በእጃችሁ ያዙት፤ ሻንጣ ውስጥ ከገባ ሰልፉ ላይ አይጠቅምም።

ሻንጣው ሲመዘን የሚታሰርበትን ወረቀት አንብቡት። ሦስቱ ፊደላት ኤ ዲ ዲ ከሆኑ ሻንጣው አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ቢ ጄ አር ከሆኑ ባሕር ዳር። ቢ ጄ አር ቢልም እንኳ ቦሌ ላይ ሠራተኛ ጠይቁ፤ ጉምሩክ አስከፍቶ ማየት ሊፈልግ ይችላል። ድሮን ያለ ፈቃድ ይያዛል፣ የሩቅ ማያ መነጽርም (ባይኖኩላር) እንደዚሁ። ለወንድም ልጅ መጫወቻ ብላችሁ እንዳታመጡ።

ወደ ባሕር ዳር ብዙ ጊዜ የሚበርረው ባለፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። ከራስ በላይ ያለው ዕቃ ማስቀመጫው ጠባብ ስለሆነ፣ በትልቁ አውሮፕላን የገባው ባለጎማ ሻንጣ እዚህ አይገባም፤ ከደረጃው ሥር ተቀብለው ከታች ይጭኑታል። ችግሩ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው፤ ሰው ተቻኩሎ መድኃኒቱንም ፓወር ባንኩንም አብሮ ይሰጣል። ፓወር ባንክ ከታች መጫን የለበትም፤ እሳት ቢነሣ የሚያጠፋው ሰው የለም። ልኩ እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ባለ 20,000 ሚሊ አምፒሩ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ በባለጎማው ውስጥ አንድ ትንሽ የትከሻ ቦርሳ አዘጋጁ፦ ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ መነጽር፣ ፓወር ባንክ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ። ሲጠሯችሁ እሷን ብቻ መዝዛችሁ ቀሪውን ስጡ። ሻንጣ ካልደረሰ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳትወጡ አስመዝግቡና ማስረጃውን ያዙ፤ ለተጎዳ ሻንጣ በጽሑፍ ማመልከቻው ከተረከባችሁ በኋላ እስከ 7 ቀን ነው፣ ዘግይቶ ለደረሰ እስከ 21 ቀን።

ሰዓቱን ደግሞ እባካችሁ በደንብ ያዙት፤ የብዙ ሰው ጉዞ የሚበላሸው በዚህ ነው። ቲኬቱ ላይ 07:20 የሚለው ከጠዋቱ 1:20 ነው። ለዘመድ «7:20 እደርሳለሁ» ካላችሁ ከቀኑ 7:20 ይመጣላችኋል፣ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ይብሳል፦ ጃንዋሪ 15፣ 00:40 የሚል ቲኬት ከሌሊቱ 6:40 ነው፤ ከቤት የምትወጡት ግን በ14ኛው ምሽት ነው። ሆቴል በስልክ ስታስይዙም ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ተናገሩ። ጃንዋሪ 19 አብዛኛውን ዓመት ጥር 11፣ ጥምቀት ነው፤ «19» ብላችሁ ዝም ካላችሁ ጥር 19 ይጻፍላችኋል፣ ስምንት ቀን ዘግይቶ። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ጎንደር ቦታ ያጣው ሰው ስለሚመጣ ባዶ ክፍል ማግኘት ከባድ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት የመኪናውን መንገድ አልመክርም። በረራውም በቀን የሚደርስ ይሁን፤ ከመነሣታችሁ በፊት ከተማው ውስጥ ያለ ዘመድ የሰዓት እላፊ መኖሩን ይጠይቅላችሁ። ቀኑ ካልገጠመ አዲስ አበባ አድሩ፤ በአንድ ቲኬት ከሆናችሁና የተሻለ ቅርብ በረራ ከሌለ አየር መንገዱ ሆቴል የሚሰጥበት ሁኔታ ስላለ ቲኬት ሲቆረጥ ጠይቁ። የሆቴሉን ማስያዣና የዘመድ ስልክ በወረቀት ያዙ፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ስልኩ ብቻውን አያወጣችሁም። ካርድ የሚያነበው ማሽንም በዚያው ስለሚቆም ለሁለት ሌሊት የሚበቃ ብር ቦሌ ባንክ ዘርዝሩ።

የባሕር ዳር ሆቴል ሲመረጥ ከጣና እይታ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጀነሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ወይ? ውኃ ሲጠፋ ሮቶ አለ ወይ? አልጋው አጎበር አለው ወይ? እናት አባት ይዛችሁ ከሆነ ምድር ቤት ያዙ፤ መብራት ሲሄድ ሊፍትም ይቆማል። ከአሜሪካ የመጣ የፀጉር ማድረቂያ 110 ቮልት ብቻ ከሆነ እኛ ጋ 220 ላይ ይቃጠላል፤ አስማሚ ሶኬት አያድነውም፣ ቮልት አይቀንስምና።

ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለች፣ ወባ ያለባት ከተማ ናት። ውጭ የተወለዱ ልጆች ሰውነታቸው ወባን የመከላከል አቅም የለውም፤ እናንተም ዓመታት ከራቃችሁ የነበራችሁ ሄዷል። ከመነሣታችሁ በፊት የመከላከያ መድኃኒቱን ሐኪም ጠይቁ። ልጆች ከሐይቁ ዳር ውኃ ውስጥ አይንቦራጨቁ፤ ቢልሃርዚያ (ከውኃው በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ) አለ።

በመመለሻው፣ የዓለም አቀፍ በረራችሁ ማታ ከሆነ ከባሕር ዳር በጠዋቱ ተነሡ፤ ጠዋት ቢሰረዝ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሊገኝ ይችላል። ወደ አሜሪካ የሚሄደው አውሮፕላን መንገድ ላይ ለነዳጅ ሊያርፍ ይችላል፤ ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ይከብደዋል። እናታችሁን ብቻቸውን የምትልኩ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለዚያ የደረሱ መስሏቸው ዕቃቸውን ይዘው ሊወርዱ ይነሣሉ።