ረጅም ሰው የሸራ ጀልባ ሲገዛ ምን ይለካ?

ጥያቄ፦ እኔ የድሬዳዋ ነዋሪ ስሆን የእህቴ ባል ደግሞ በሥራው ምክንያት ጅቡቲ ይኖራል። ገንዘብ አዋጥተን ከ30 እስከ 38 ጫማ የሚደርስ ያገለገለ ባለሸራ ጀልባ ለመግዛትና ጅቡቲ ወደብ ላይ ለማቆየት፣ በእረፍት ቀናትም በታጁራ ባሕረ ሰላጤ እየተጓዝን ውሃው ላይ ለማደር አስበናል። ያስቸገረን ቁመታችን ነው፤ እኔ 1 ሜትር ከ96፣ እሱ 1 ሜትር ከ91 ነን። በማስታወቂያ ካየናቸው መካከል ካታሊና 30 የተባለው ጀልባ የካቢኑ ከፍታ 6 ጫማ ከ3 ኢንች እንደሆነ ተጽፏል። ይህ ይበቃናል? ካልበቃስ ወለሉን ዝቅ ማስደረግ ይቻላል? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ 6 ጫማ ከ3 ኢንች በሜትር ሲሰላ 190 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ አማችዎ በባዶ እግራቸው ሲቆሙ ጸጉራቸው ጣሪያውን ይነካል፤ እርስዎ ደግሞ ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ይጎድልዎታል። ጫማ ከተጨመረና ጀልባው ሲወዛወዝ ጭንቅላት እንዳይመታ ትንሽ ክፍተት ከተተወ፣ እርስዎ ቀጥ ብለው ለመቆም 2 ሜትር ያህል ያስፈልግዎታል። በማስታወቂያ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያው ከፍ በሚልበት ቦታ፣ ማለትም ወደ ካቢኑ ከሚያወርደው ደረጃ ግርጌ የተለካ መሆኑንም ይወቁ፤ ወደ ፊት ሲሄዱ ጣሪያው ዝቅ፣ ወለሉም ከፍ እያለ ይመጣል። ካታሊና 30 ለርዝመቱ ሰፊ ከሚባሉት ጀልባዎች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አንሥቶ በካሊፎርኒያ ከ6,000 በላይ የተሠራውም በዚህ ስፋቱ ጭምር ተወዶ ነው። እሱ እንኳን የማይበቃዎት ከሆነ፣ ባሰቡት መጠን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው የሚሄዱበት ጀልባ እጅግ ጥቂት መሆኑን ከወዲሁ መቀበል ይገባል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጀልባ ሲያንስ በውስጡ የሚያድረው ሰው አብሮት አያንስም። 40 ጫማ ርዝመት ባለው ጀልባ ላይ የማይታወቅ ከፍታ 30 ጫማ በሆነው ላይ ሲደገም ጎኑ ከውሃው በላይ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ነፋስም ይይዘዋል፣ ወደብ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ክብደቱም ወደ ላይ ስለሚወጣ ሸራው ሲወጠር ይበልጥ ያዘነብላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና ከዚያ በፊት የተሠሩት ጠባብ ጀልባዎች ሆዳቸው ወደ ውሃው ጠልቆ ስለሚገባ ወለላቸው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ሆኖም ጎናቸው አጭር፣ ውስጣቸውም ጠባብ ነው። በኋላ የመጡት ሰፋፊና ሆዳቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ጀልባዎች ደግሞ ከወለሉ ሥር ጥልቀት የላቸውም፤ ቁመቱን የሚያገኙት ጣሪያውንና ጎኑን ከፍ በማድረግ ብቻ ነው።

እንግዲህ የእኔን አስተያየት በግልጽ ልንገርዎ፦ ከጣሪያው በፊት መኝታውን ይለኩ። ጀልባ በሚጓዝበት ጊዜ ካቢን ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው የለም፤ ሁሉም ጎንበስ ብሎ፣ የሚይዘውን ይዞ፣ ጉልበቱን አላልቶ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ እንዲያውም ጣሪያው ለእጅ ቅርብ መሆኑ ከመውደቅ ያድናል። መኝታ ላይ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተጣጥፎ ማደር አይቻልም። የብዙ ጀልባዎች መኝታ ርዝመት 2 ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ለእርስዎ ቁመት ትራስ ሲጨመር ቢያንስ 2 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። በፊተኛው ጫፍ ያለው መኝታ ወደ እግር በኩል ስለሚጠብ፣ ሁለት ረጃጅም ሰዎች ሲተኙበት እግራቸው ይጋጫል። በአንዳንድ ጀልባ ደግሞ የእግር ጫፍ የሚገባው ቁም ሳጥን ሥር ባለ ቀዳዳ ውስጥ ስለሆነ፣ በጀርባ ለሚተኛ ይበቃ ይሆናል እንጂ ጉልበቱን አጥፎ በጎኑ ለሚተኛ አይበቃም። ስለዚህ ጀልባውን ሲያዩ ጫማዎን አውልቀው በእያንዳንዱ መኝታ ላይ ይተኙ፣ ይገላበጡም። ሻጩ ፊት ይህን ማድረግ ሊያሳፍርዎ አይገባም።

ከመኝታው ቀጥሎ የመቀመጫው ከፍታ ይመጣል። ቤትዎ ወለል ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባዎን ከግድግዳ አስጠግተው፣ ከወለሉ እስከ ራስ ቅልዎ ያለውን ያስለኩ፤ በእርስዎ ቁመት 1 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ጀልባው ውስጥ ይህን ያህል ቦታ ፍራሹ በክብደትዎ ተጫኖ በተቀመጡበት ሁኔታ፣ ከጠረጴዛው ዙሪያም ሆነ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ በሩ ተዘግቶ፣ መኖር አለበት። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆሞ መታጠብ ባይቻል ግድ የለም፤ ጉልበት በሩን እየገፋ መቀመጥ ግን ሲውል ሲያድር ያማርራል።

ረጅም ሰው ከሁሉ የበለጠ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ግን ከካቢኑ ውጭ ነው። በዋናው ሸራ ግርጌ በአግድም የተዘረጋውና ባሕረኞች ቡም የሚሉት ዘንግ፣ ጀልባው አቅጣጫ ሲቀይር ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በኃይል ይወረወራል፤ መካከለኛ ቁመት ያለውን ሰው አልፎት የሚሄድበት ከፍታ እርስዎን ራስ ቅልዎ ላይ ሊመታዎት፣ ሊገድልዎትም ይችላል። መሪው አጠገብ ባለው ወለል ላይ ቀጥ ብለው ይቁሙና ዘንጉ ከራስዎ በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ማለፉን ያረጋግጡ። ካላለፈ፣ ሸራ የሚሰፋ ባለሙያ ከሸራው ግርጌ ቆርጦ ዘንጉን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ጀልባው ትንሽ ጉልበት ቢያጣም የሚያስቆጭ አይደለም። በጀልባው ዳር የተወጠረው መከላከያ ሽቦም ብዙውን ጊዜ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህ ለእርስዎ ከጉልበት ጥቂት ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ቢደናቀፉ ከመያዝ ይልቅ አሽቀንጥሮ ይጥልዎታል። ስለዚህ ሁለታችሁም ወደ ፊት ስትሄዱ በደረት የሚታሰረውን የደኅንነት ቀበቶ ከጀልባው ጋር በገመድ አያይዛችሁ መሄድን ልማድ ልታደርጉት ይገባል።

ወለሉን ዝቅ ስለማድረግ ለጠየቁት፣ በአብዛኛው አይቻልም፤ ቢቻልም አልመክርም። ከወለሉ ሥር የውሃ ማጠራቀሚያው፣ የሚጠራቀመው ውሃ የሚቀዳበት ጉድጓድና ጀልባው እንዳይገለበጥ ከሥሩ የተገጠመውን ከባድ ክንፍ (ኪል) የሚይዙት ብሎኖች አሉ። በአዳዲሶቹ ጀልባዎች ደግሞ ወለሉ ያረፈበት ፍርግርግ ከጀልባው አካል ጋር ተጣብቆ ጥንካሬ የሚሰጥ ስለሆነ እሱን መቁረጥ ጀልባውን ማዳከም ነው። ሆዳቸው ጥልቅ በሆነ አሮጌ ጀልባዎች ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ ይህም ባለሙያ አይቶ ከፈቀደ ብቻ ነው። የጣሪያውን ልባስ ማንሣትም ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይጨምር እንደሆነ እንጂ፣ በጅቡቲ ፀሐይ ሙቀቱን የሚከላከለው እሱ ነውና ራስዎን ከጋለ ፋይበር ግላስ ጋር ማጋጠም ይሆናል።

ስለ ሙቀቱ ካነሣን፣ ድሬዳዋ ላደገ ሰው ሙቀት እንግዳ ባይሆንም የጅቡቲ በጋ ከዚያ ይብሳል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ኸምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ከበረሃው ይነፍሳል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ቀዝቀዝ ያለ ወቅት እንደምትጓዙ እገምታለሁ። ያም ሆኖ ትልልቅ የጣሪያ መስኮት ያለውን ጀልባ ምረጡ፤ ረጅም ሰው በመስኮቱ ሥር ሲቆም ራሱን አውጥቶ ይተነፍሳል፣ ያን ያህልም ቁመት ያተርፋል። በመሪው ላይ የሚዘረጋውን የፀሐይ መከላከያ ጨርቅ ግን ለእናንተ ቁመት አዲስ ማሠራት ያስፈልጋችሁ ይሆናል።

እንግዲህ ምን ዓይነት ይፈለግ? በ30ና በ32 ጫማ ላይ ገንዘባችሁን አታጥፉ። ከ36 ጫማ አካባቢ ጀምሮ ያሉትን ሰፋ ያሉ የቤተሰብ ጀልባዎች፣ በተለይም ዋናው ክፍል ከፍ ተደርጎ ዙሪያውን መስኮት የተሠራላቸውን ተመልከቱ፤ ለቁመት የሚስማሙት እነሱ ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት የጀልባውን ፕላን ከሻጩ ጠይቃችሁ፣ ግቢያችሁ ውስጥ በጠመኔ በልኩ ሣሉት፣ ማስታወቂያው በሚለው ከፍታ ላይ ገመድ ወጥራችሁም አንድ ምሽት በሥሩ ቡና አፍሉ፤ ቁጥር የማይነግራችሁን ጀርባችሁ ይነግራችኋል። ጅቡቲ ስትደርሱ የብረት ሜትር ያዙና ደረጃው ግርጌ፣ ምድጃው አጠገብ፣ ምሰሶው ሥር፣ መጸዳጃ ቤቱና ፊተኛው መኝታ በር ላይ፣ እስከ መብራቱና እስከ እጅ መያዣው ድረስ እንጂ እስከ ጣሪያው አትለኩ። በመጨረሻም ቅድሚያ ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለታችሁም ተሳፍራችሁ፣ ሸራው ተወጥሮ፣ ጀልባው ደጋግሞ አቅጣጫ እየቀየረ ባሕር ላይ ውላችሁ ልትመለሱ ይገባል፤ ሻጩ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።