ለጀማሪ የዌብ ፕሮግራመሮች፦ ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት

በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ ሆናችሁ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ድረ ገጽ መሥራት ለጀመራችሁ ወጣቶች ይህን የምጽፈው፣ ምክር ፍለጋ ከምትመጡት መካከል ብዙዎቻችሁ ደህናውን ኮድ ስታፈርሱ ስለማይ ነው። ስህተት ሲመጣ እጃችሁ ወዲያው ወደ ኮዱ ይሄዳል፤ አንዱን መስመር ትሰርዛላችሁ፣ ሌላውን ከኢንተርኔት ቀድታችሁ ትጨምራላችሁ፣ በመጨረሻም ትክክል የነበረው ሳይቀር ይበላሻል። በእኔ ግምት ግን የጀማሪ ችግር አብዛኛው የሚመነጨው፣ ኮምፒዩተሩ የሚያስኬደው ነገር እናንተ ያስኬዳል ብላችሁ ከምታስቡት የተለየ ከመሆኑ ነው።

መጀመሪያ የሚጣራው የትኛው ፓይተን እየሠራ እንደሆነ ነው። የድረ ገጽ መሥሪያዎቹን ጃንጎን ወይም ፍላስክን ጭናችሁ ሳለ እንዲህ ያለ ሞጁል (ተጠርቶ የሚገባ የኮድ ፋይል ወይም ጥቅል) የለም የሚል መልእክት ከመጣ፣ ብዙውን ጊዜ የጫናችሁት በአንዱ ፓይተን ላይ፣ ፕሮግራሙን የምታስነሡት ግን በሌላው ነው፤ አዲስ ተርሚናል ከፍታችሁ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንቱን፣ ማለትም ለአንድ ሥራ ብቻ የተለየውን የፓይተን ፎልደር፣ ሳታነቁ ቀርታችኋል። የፓይተን ጥቅሎችን የሚጭነውን ፒፕን ለብቻው ከመጥራት ይልቅ በፓይተኑ በኩል መጥራትን ልማድ አድርጉ፤ ያን ጊዜ የሚጫነው በዚያው በምትጠሩት ፓይተን ላይ ይሆናል። ኔትወርክ በሚደክምበት አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የጓደኛችሁን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ሙሉ ፎልደር በፍላሽ ገልብጣችሁ ትወስዳላችሁ፤ ይህ አይሠራም፣ ምክንያቱም ፎልደሩ በውስጡ የያዘው በተፈጠረበት ኮምፒዩተር ላይ ያለውን ፓይተን አድራሻ ነው። ጥሩ መስመር ሲገኝ በፒፕ ዳውንሎድ ትእዛዝ የመጫኛ ፋይሎቹን ብቻ አውርዳችሁ ብትከፋፈሉ፣ የፓይተኑ ቨርዥንና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እስከተመሳሰለ ድረስ፣ እያንዳንዳችሁ ያለ ኢንተርኔት በየማሽናችሁ መጫን ትችላላችሁ።

ሁለተኛው የፋይል ስም ነው። የመጀመሪያ መለማመጃችሁን ፍላስክ ብላችሁ ከሰየማችሁት፣ ፓይተን ፍላስክን አምጣ ሲባል የሚያመጣው የእናንተኑ ፋይል ነው፤ መልእክቱም ግማሽ ስለተጫነ ሞጁልና ስለ ክብ ጥሪ (ፋይሎች መልሰው ራሳቸውን ስለመጥራታቸው) ያወራል እንጂ ስሙን ቀይሩ አይላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፓይተን 3.13 በዚህ ረገድ ለጀማሪ ይራራል፤ የስም መደራረቡን ራሱ ይጠቁማል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያደናግረው ግን የዳታቤዙ ጉዳይ ነው። መረጃውን በአንድ ፋይል የሚያስቀምጠው ዳታቤዝ ኤስኪውላይት በተሰጠው አድራሻ ፋይል ካላገኘ አብዛኛውን ጊዜ ቅሬታ ሳያሰማ አዲስና ባዶ ፋይል ይፈጥራል። በመሆኑም የዳታቤዙን ስም ያለ ሙሉ አድራሻ ጽፋችሁ ፕሮግራሙን ከሌላ ፎልደር ብታስነሡት፣ ትናንት ያስገባችሁት መረጃ ሁሉ የጠፋ ይመስላል፤ የሚመጣውም መልእክት ሰንጠረዡ የለም የሚል ነው። መረጃው አልጠፋም፤ የተከፈተው ሌላ ፋይል ነው። በጃንጎም ይኸው መልእክት ይመጣል፣ ምክንያቱ ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፦ ሜክማይግሬሽንስ የተባለው ትእዛዝ የለውጡን ዕቅድ በፋይል ይጽፋል፣ ዳታቤዙን የሚለውጠው ማይግሬት ነው፤ ጀማሪው የመጀመሪያውን ፈጽሞ ሁለተኛውን ይተወዋል።

ቴምፕሌት (የገጹ ቅርጽ የተጻፈበት ፋይል) አልተገኘም ሲባልም ጃንጎ የፈለገባቸውን ፎልደሮች በስህተት ገጹ ላይ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ዝርዝሩን የሚያነብ ጀማሪ እምብዛም አላየሁም። የእናንተ ፎልደር በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አፑን ሴቲንግስ ላይ አላስመዘገባችሁትም ማለት ሊሆን ይችላል። ፍላስክን በተመለከተ፣ የዲበግ (የስህተት መፈለጊያ) ሁኔታው ካልበራ ኮዱን ስትቀይሩ ሰርቨሩ በራሱ አይነሣም፤ ብራውዘሩም የቆየ ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስን ፋይል) ሊያሳያችሁ ይችላል።

የመጨረሻው ጉዳይ በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች ብቻ የሚደርስ ስለሆነ በውጭ አገር መማሪያዎች አታገኙትም። የወረዳ ወይም የከተማ ስም የሚመዘግብ ድረ ገጽ ብትሠሩ፣ አንዱ ተጠቃሚ ዓለም ከተማ ብሎ በዐይኑ ዓ፣ ሌላው አለም ከተማ ብሎ በአልፋው አ ይጽፋል፤ ሸዋ ሮቢትን አንዱ ነጣጥሎ፣ ሌላው አጣብቆ ያስገባል። ለእኛ አንድ ከተማ ነው፤ ለፊደል ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ግን ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደሎች ስለሆኑ ፍለጋው ባዶ ይመለሳል፣ እናንተም የፍለጋውን ኮድ መነካካት ትጀምራላችሁ። ተጠቃሚው የጻፈውን እንዳለ አስቀምጡ፤ የሰውን ስም አጻጻፍ ማረም የፕሮግራመር ሥራ አይደለም። ከጎኑ ሌላ ዓምድ ጨምራችሁ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ የመለሰና ክፍተቱን ያስወገደ ቅጂ ያዙ፣ ተፈላጊውንም ቃል በዚያው መንገድ አስተካክላችሁ ፍለጋውን በዚያ ላይ አድርጉ።

ርእስን ወደ ድረ ገጽ አድራሻ ክፍል (ስለግ) የሚለውጠው የጃንጎ ስለጊፋይም በተለመደው አሠራሩ የላቲን ያልሆነውን ፊደል ሁሉ ስለሚጥል የአማርኛ ርእስ ስትሰጡት ባዶ ይመልስላችኋል። ዩኒኮድ ፍቀድ የሚለውን ምርጫ ማብራት ይኖርባችኋል፤ ሆኖም ይህ ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም በዩአርኤል መስመሩ ላይ ስለግ ተብሎ የተሰየመው ዓይነትም የሚቀበለው የላቲን ፊደልና ቁጥር፣ ሰረዝና የሥር ሰረዝ ብቻ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ስትር (str) የሚለውን ዓይነት ተኩበት።