ከአያት ሣጥን የወጣው የወታደሮች ፎቶግራፍ፦ የጀርባው «፵፬» ምን ይነግረናል?

እህታችን የጠየቁት፣ ከሟች አያትዎ ሣጥን የተገኘውና ወፍራም ካፖርት የለበሱ አሥራ አንድ ወታደሮች በአሸዋ ከረጢት ምሽግ ፊት የተነሡበት ፎቶግራፍ የትና መቼ እንደተነሣ፣ አያትዎስ ከመካከላቸው የትኛው እንደሆኑ ነው። በጀርባው በእጅ ከተጻፈው «፵፬ ዓ.ም.» (44) በቀር ምንም ጽሑፍም ስምም የለበትም። አንድ ወንድማችን ቁጥሩን በፈረንጆች አቆጣጠር 1944 ነው ብለው ወስደው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው ብለዋል። እኔ ግን በግዕዝ አኃዝ የጻፈ ሰው የፈረንጅ ዓመት ይቈጥራል ብዬ አላምንም፤ ስለዚህ 1944ን በራሳችን ዘመን አቆጣጠር ብንወስደው ይሻላል።

እንዲህ ሲሆን ካፖርቱ ብዙ ይናገራል። ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ ወደ ኮሪያ ጦርነት የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በደቡብ ኮሪያ ፑሳን ወደብ የደረሰው በሚያዝያ 1943 ማብቂያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃኘው ሊተካው የመጣው በመጋቢት 1944 ነው። በዚያ ዓመት ከኅዳር እስከ የካቲት በነበረው የኮሪያ ብርድ ወቅት በስፍራው የነበረው የመጀመሪያው ሻለቃ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ሁለተኛው ያን ብርድ ያየው በ1945 ነው። ጽሑፉ ፎቶግራፉ ወደ ቤት የተላከበትን ጊዜ የሚያመለክት ቢሆን እንኳ፣ ከዚያ በፊት የኮሪያን በረዶ ያየ የእኛ ጦር ስላልነበረ ድምዳሜው አይናወጥም። ጽሑፉ ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ የቤተሰብ አባል እጅ የተጨመረ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣልና፣ የእጅ ጽሑፉን ከአያትዎ ደብዳቤዎች ጋር ያስተያዩት።

ይህን የምለው እኔም ስለተሳሳትኩ ነው። በቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአጎቴን ፎቶግራፍ ሁላችንም ለረጅም ዘመን «የኮሪያው» እያልን እንጠራው ነበር (ቤተሰብ ሁሉ የኮሪያ ዘማች ቢኖረው ደስ ይለዋል)። አንድ ቀን ከመስተዋቱ አውጥቼ በአጉሊ መነጽር ሳየው፣ የብረት ቆቡ ቀለም ከሌላው ልብስ ይልቅ ፈካ ያለና በግንባሩ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ምልክት ያለበት ሆኖ አገኘሁት። ሰማያዊ ቆብ የተደረገው ጦራችን ከሐምሌ 1952 ጀምሮ በዘመተበት በኮንጎ ነው፤ በኮሪያ ግን የእኛ ሰዎች የአሜሪካኖቹን ተራ የብረት ቆብ ነበር የሚያደርጉት። ከአጎቴ ጀርባ የነበረውን ለምለም ዛፍ ሁላችንም ስናየው ኖረን ልብ አላልነውም።

በእርስዎ ፎቶግራፍ ላይ ማንንም ከመሰየምዎ በፊት ምስሉ ተገልብጦ የታተመ አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ ኔጋቲቩ (ፎቶግራፉ የሚታተምበት ፊልም) በተሳሳተ ፊቱ ከታተመ «ከግራ ሦስተኛው» የተባለው ሰው በእርግጥ ከቀኝ ሦስተኛው ይሆናል። በግራ ጫፍ የቆመው ወታደር የያዘው የአሜሪካኖቹ ኤም ዋን ጠመንጃ ይመስለኛል። የዚህ ጠመንጃ ማቀባበያ በስተቀኝ ነውና፣ አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ በተያዘበት ሁኔታ ማቀባበያው በየትኛው ጎን እንደሚታይ ይመልከቱ። የወንድ ልብስ ቁልፍ አቆላለፍም ይህንኑ ያሳያል፤ ቁልፎቹ በለባሹ ቀኝ በኩል መሰፋት አለባቸው።

መካከል ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የተቀመጡት ሁለቱ መኮንኖች ሳይሆኑ አይቀርም፤ ይሁንና ማዕረጋቸው በካፖርቱ ስለተሸፈነ በአቀማመጥ ብቻ አልፈርድም። አያትዎን በፊታቸው ከመፈለግ ደግሞ በጆሯቸው ቅርጽ መፈለጉ ይሻላል፤ ፊት በብርድና በድካም ይለዋወጣል፣ ጆሮ ግን በመታወቂያቸው ላይ ካለው ጋር በቀላሉ ይነጻጸራል።

የቀረኝ የትከሻ ምልክት ነው። ቃኘው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ ስለነበር፣ በክብ መደብ ላይ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ጥቁር ምልክት በአንዱ ክንድ ላይ ቢታይ የኮሪያው ግምት በጣም ይጠነክራል። የጀርባውንም የፊቱንም ገጽ ከፍ ባለ ጥራት ስካን አድርገው ይላኩልን፤ በምስሉ ላይ ግን በእስክሪፕቶ ምንም አይጻፉ።