ቀሚስ የሚለው ቃል ከየት መጣ? ከጅማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ሂርማታ ገበያ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ቀሚስ የሚለው ቃል የራሳችን ነው ወይስ ከሌላ ቋንቋ የመጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ የመጣ ቃል ነው፤ ይሁንና በግዕዝም ስለሚገኝ እንግዳ ብሎ ለመጥራት ይከብደኛል። የተወሰደው ከዓረብኛው «ቀሚስ» ሲሆን፣ የዓረብኛው ምንጭ ደግሞ የላቲኑ «ካሚሲያ» ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ጀሮም የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ ወታደሮች ካሚሲያ የሚሉት ከገላ ጋር የሚጣበቅ የበፍታ ልብስ እንዳላቸው ጽፏል። ዛሬ እርስዎ ሰፋ ብሎ እንዲወርድ አድርገው ለሚቆርጡት ልብስ መጠሪያ የሆነው ቃል፣ ያኔ የጠባብ ልብስ ስም ነበር።

ጥያቄ፦ «ቀመሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ድምፁ ቢገጥምም መቅመስንና መልበስን የሚያገናኝ ትርጉም የለም። የዓረብኛው ቃል የሚጨርሰው «ሷድ» በሚባለው የዓረብኛ ፊደል ጠንካራ ድምፅ ነው፤ አማርኛ ይህን ድምፅ ወደ «ስ» ማላላቱ የተለመደ ሲሆን፣ ከዓረብኛ «ሷቡን» የመጣው ሳሙናም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በእኛ ዘንድ የሴት ልብስ ስም ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ብቻ አይበሉ። በዕለት ንግግር ቀሚስ ሲባል ሴት ትታሰበናለች እንጂ፣ ካህናት ሲቀድሱ የሚለብሱት ረጅም ልብስም ቀሚስ ይባላል። በቁርኣን የዩሱፍ ምዕራፍ ውስጥ ከኋላ በኩል መቀደዱ የዩሱፍን ንጽሕና የመሰከረለት፣ በኋላም በአባቱ ፊት ላይ ሲጣል የዓይኑን ብርሃን የመለሰለት ልብስ በዓረብኛው ቀሚስ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ያዕቆብ ለዚሁ ልጁ ያደረገለትን ኅብረ ቀለም ልብስ ቀሚስ ይለዋል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በሚጎራበቱባት ጅማ፣ ሁለቱም ወገን የዮሴፍን ታሪክ በአንድ ቃል መተረክ መቻሉ እኔን ሁልጊዜ ይነካኛል።

ጥያቄ፦ ጉርድ ቀሚስስ?

መልስ፦ ጉርድ ማለት የተቆረጠ ነው። ስሙ ራሱ ሙሉው ቀሚስ ከትከሻ የሚጀምር መሆኑን ይነግረናል፤ ከወገብ በላይ ያለው ሲቀር ጉርድ ሆነ።

ጥያቄ፦ ሸሚዝም ከዓረብ ነው?

መልስ፦ ሸሚዝ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛው ግን ያንኑ የላቲን «ካሚሲያ» የወረሰ ነው። በላቲን ቃል መነሻ ላይ የነበረው «ካ» በፈረንሳይኛ ብዙ ጊዜ ወደ «ሸ» ይለወጣል፤ ፈረስ የነበረው «ካባሉስ» «ሸቫል» የሆነው በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ በሱቅዎ በረንዳ ገመድ ላይ ጎን ለጎን የሚሰቅሏቸው የሴቷ ቀሚስና የወንዱ ሸሚዝ የአንድ ቃል ልጆች ናቸው፤ አንዱ በዓረብ፣ ሌላው በፈረንሳይ በኩል ዞሮ እርስዎ መርፌ ሥር ተገናኝተዋል።